ሠላሳ አንደኛው

በሙሐረቅ ሰፈር፥ ከዓሣ ገበያው ኋላ፥
የነሐሴ ሌሊት ቢነጋም አይላላ።
አየሩ እንደ ራሰ ጆንያ ደረት ላይ ይጫናል፤
ጤነኛውን ያዝላል፤
ለቡ ሻሂንማ እንደ አራጣ ብድር ተቆጥሮ ይሰጣል።

ዕድሜው ሰማንያ አምስት፥ ስልሳውን ጋያ ሲያጤስ፤
ከአልጋው ተነሥቶ፥ አሥራ አራት እርምጃ፥
ሦስት ጊዜ ያርፋል በሩ ጋ እስኪደርስ።
እጁ ያረፈበት ግድግዳው ወይቧል፤
ሦስት መዳፍ በተርታ፥ እንደ ማኅተም ሆኗል።

እኔ ሉባባ ነኝ። ስሜ ሲረዝምባቸው «ሉሉ» ብለው ቆረጡት፤
በነሱ ቋንቋ ዕንቁ ነው አሉ፤ እኔም አልጠላሁት።

ሲስተር ሺጂ መጣች፥ የኬረላዋ ልጅ፤
አንዲት የፕላስቲክ ዕቃ አኖረችልኝ በእጅ።
ሆዷ ውስጥ ሞላ አለ።
«ሞላው ይታገለው በዚህ አየር ሲስብ፤
አትዘኚለት፥ ትግሉ ነው ለጡንቻው ቀለብ።
ሳንባው አይታደስም፥ እሱን አልዋሽሽም፤
ከሥሩ ያለው ጡንቻ ግን ሥራ ካገኘ አይከዳሽም።
ጠዋት ሠላሳ፥ ማታ ሠላሳ፥ መቁጠሩ ያንቺ፤
ራሱን ካዞረው፥ ከንፈሩ ከጠቆረ፥
እዚያው አቁሚና ስልክ ምቺ።»

አፍንጫውን ቆንጥጣ በላስቲክ ስታስይዝለት
«ፍጣም!» አለና ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት።
ፍጣም፥ ከቀንድ የተፋቀ፥
አፍንጫውን የሚቆልፍበት፥ ዕንቁ ለቃሚ ወደ ባሕር የጠለቀ።

እሱ ግን አልጠለቀም። ያሥር ዓመት ልጅ ሆኖ
ገመድ ያዥ ነበረ፥ ጀልባው ጫፍ ላይ ቆሞ።
ታች ያለው ሰው ትንፋሹ ሲያልቅበት ገመዱን አንዴ ነቅነቅ፤
ላይ ያለው ይስባል። ሥራው ይኸው ነበር፦
የሰውን ትንፋሽ በመዳፍ መጠበቅ።

«ኢስሐብ፥ ባባ» እላለሁ። አንድ ቀን ጨነቀኝና «ሳብ!» አልኩት
ያገሬ ቃል አምልጦኝ፤ ገባው፥ ወደደው፥ ቀረለት።
እኔም ከባቲ በታች ባልዲ ከጉድጓድ እየሳብኩ ነው ያደግኩ፤
ገመድ መዳፍ ሲልጥ አውቃለሁ፤ ለሱ ግን አልነገርኩ።
በኛ ገመድም ይሳባል፥ አየርም ይሳባል፤
ሁለቱም መሐል ላይ ከለቀቁት ተመልሶ ይሰምጣል።

አንድ። ሁለት። ሦስት። የአንገቱ ጅማት ይወጠራል፤
ሞላው ሲጥ ይላል፤
ከጎድኑ ሥር ሆዱ እንደ ሕፃን ተረከዝ ገፋ ይላል።
አሥራ ዘጠኝ ላይ በዓይኑ ይሰድበኛል፤
ሃያ ሦስት ላይ በዚያው ዓይኑ ይለምነኛል።
ሠላሳ። መቆንጠጫውን ልፈታ እጄን ስሰድ
ይይዘዋል።
አንድ ጣት ያነሣል።
ደግሞ ይስባል።

በማግስቱም እንዲያው፥ በሳልስቱም እንዲያው።
በሺጂ ደብተር ላይ «ሠላሳ» ብዬ ጻፍኩ፤ ትርፏን ለማን ልንገረው?

እመቤቴ ሠርግ የሄደች ማታ፥ የማቀዝቀዣው ድምፅ ቤቱን ሞልቶት፥
«ሙባረክ» አለኝ። ሌላ ሳይጨምር ቆየ፥ ስሙ ራሱ አንቆት።
«ገመዱ ተነቀነቀ።
እኔ ወፎች ሳይ ነበር። ነጫጭ ወፎች፥ ብዙ።»
«ከዚያስ?» አላልኩም።
መዳፉን ገልብጦ አየው፤ ጠባሳ እንኳ የለው።
ጠባሳ አለመኖሩ ነው መሰለኝ የከበደው።

መጋቢት ላይ ሞላውን ሁለት ቁጥር አጠበቅን፤
ዕረፍቱ ከሦስት ወደ ሁለት ወረደ፤ ለዚህ አልጨፈርን።
ሺጂ እንዳለችው ሳንባው ያው ነው፤ ሌሊት ሌሊት ያፏጫል፤
ግን ዓሣ ሻጩ ሲያንኳኳ ራሱ ከፍቶ በሳፊ ዋጋ ይጨቃጨቃል፥
አንዱን ዓረፍተ ነገር መሐሉ ላይ ሳይቆርጥ፤
ሻጩ ገርሞት መቶ ፊልስ ቀነሰ፥ እየሳቀ፥ ሲያላግጥ።

ኮንትራቴ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀረው።
የምትተካኝ ከየት ትምጣ፥ ቋንቋዋስ ምንድን ነው?
ቢሆንም በደብተሩ ጀርባ፥ በማውቀው ፊደል፥ ጻፍኩላት፦
ሠላሳ ሲሞላ እጅሽን አትስደጂ።
ቆዪ።
አንድ ይቀረዋል።