በቀስታ

ብርድ መስሎኝ ነበር፣ የጦሳ ውርጭ፤
ጋቢዬን ጣልኩባት።
ሻሼ ግን እሳት ናት፤ እግሯ ግትር እንደ እንጨት፣
መንጋጋዋ ሲንገጫገጭ
ሰባት ቡችሎች ሳይለቋት ይጠባሉ።

የጎረቤት ባጃጅ ከሆጤ ሽቅብ አቃሰተ።
ሐኪም እንድሪስ፣ በሽርጡ ላይ ካፖርት ጥሎ፣
«የአጥንቷን ኖራ ነው የጨለጡት» አለ።
መርፌው በደም ስሯ፣
ጠብታ፤ ቆይቶ ሌላ ጠብታ፤
«የቸኮለ እጅ ልብ ያቆማል።»
ጆሮው ደረቷ ላይ እንደተለጠፈ
ሱብሂ አዛን ሲል ረገበች።

እጁን ታጠበ፤ አንዴ በአፈር፣ ስድስቴ በውሃ።
ሂሳብ ስለው «ነገ» አለኝ።

ቡችሎቹ አሁን በመኮሮኒ ካርቶን፣
ወተት በሲሪንጅ፣ በየተራ፤
ጥርስ አልባ አፍ ጣቴን ይስባል።
እሷ፣ መቆም እንኳ ሳይሆንላት፣
ካርቶኑን ትቧጭራለች፤
የቀራትን ልትሰጥ።