ተራ ሌባ

«ተራ ሌባ ነው» አሉ ዳኛው፣ መነጽራቸውን ጠራርገው፤
የችሎት ጸሐፊ ነኝና ከተብኩት፣ ምን ላድርገው።

ሬይዮን ግን አውቀዋለሁ፣ ከኮትካ አንደኛ ክፍል፣
አንዲቱን ዴስክ ለሦስት፣ አንድ መጽሐፍ ስንካፈል።
ጦርነት አልቆ አባቶች ወደየቤታቸው በገቡ
በዘጠኝ ወሩ ሕፃናት እንደ በረዶ ዘነቡ።
ትምህርት ቤቱ ጠዋት ለእኛ፣ ከሰዓት ለሌላ ፈረቃ፤
የኮት መስቀያው በሽሚያ፤ ዘግይቶ የመጣ፣ በቃ፣
ኮቱ ወለል ላይ ይውላል።
የሬይዮ ኮት እዚያው ውሏል።

በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ወረቀት ፋብሪካው ደጅ ቆመ፤
ስልሳ ጎረምሳ ለአንድ ቦታ፤ ቆሞ ቆሞ ከረመ።
«ተራህን ጠብቅ!» አለው ዘበኛው፤ የቤቶች ቢሮም ያንኑ አለ፤
እጮኛው ፒርኮ ስዊድን ገባች፤ እሱ ወደብ ላይ ዋለ።
ወንበር ስቦ «ግባ» ያለው መጠጥ ቤቱ ብቻ ነበር፤
እዚያም እስከ ጥግ ሞልቷል፤ የክፍላችን ልጅ ነው ቢቆጠር።
መጀመሪያ ብስክሌት ሰረቀ፤ ቀጥሎ የሱቅ ካዝና፤
እስር ቤትም ወለል ላይ ተኛ፣ አልጋው ወረፋ አለውና።

ዛሬ ልጁ ያርኮ ይማራል፤ ክፍላቸው ዐሥራ አራት ልጅ፤
ፋብሪካው ራሱ መጥቶ ይጠናል የእነሱን ደጅ።
ያርኮ ጠጥቶ አያውቅም፤ «ጨዋ ልጅ ነው» ይሉታል፤
መስቀያውን ቆጠርኩት እኔ፤ ለአንዱ ሁለት ይደርሰዋል።

በሩን የሰበረው እሱ ነው፤ ከዳኛው አልከራከርም፤
አርባ ስምንት ነበርን፤ እኔ ለምሳሌ አልሰረቅሁም።
ብቻ ይህን ወንበር ስይዝ
ከኋላዬ ስንት ሰው ቆሞ ነበር?

«ተራ ሌባ»። ቀለሙ ሳይደርቅ ደግሜ ሳነበው፣
ቃሉ ሬይዮን ትቶ አየኝ፤ ማንን ነው የሚለው?