አሥራ አራት ነጥብ ሁለት

አመሻሽ ላይ፣ ሳቢያን፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣
ሙሜ ሞተሩን ሳይዘጋ ወረደ ሲማረር፤
«መብራቱ» አለ «ይደምቃል፣ ደሞ ይፈዛል፤
ደንገጎን ሌት ስወጣ መንገዱ ከፊቴ ይመጣል፣ ይሄዳል።»

ዲናሞ ቀይሯል፣ ሁለቴ፤
ባትሪም፣ ከታይዋን ገበያ፣ በዱቤ፤
ሬጉሌተሩን አንዱ ደላላ «ኦርጅናል» ብሎ ሸጦለታል፤
ፒክአፑ፣ ሕመሙን ሳይጠይቁት፣ መድኃኒት ሁሉ ውጧል።

ቴስተሬን ጣልሁ፦ አሥራ ሦስት። አሥራ አምስት። አሥራ ሁለት።
የቲማቲም ዋጋ እንኳ እንዲህ አይዋልልም በአንድ ዕለት።
ፈትሂ ነዳጅ ሲረግጥ ቺንጊያው አልጮኸም፤
ዲናሞው ያመርታል፤ እሱማ አልሰነፈም።

በጀርባዬ ከሥር ገባሁ፣ የባትሪውን ጥቁር ሽቦ እየዳሰስሁ፣
ላቤ ዓይኔን እያቃጠለው ሻንሲው ጋ ደረስሁ፤
ቡለኑ አረንጓዴ ዝጓል፤ በጣት ሲነኩት ይዞራል፤
የደቻቱ አሸዋ ከሥሩ ገብቶ ተኝቷል።

«ሙሜ!» አልሁት ከታች፣ «ማሳ ለቀሃል።»

ዝም አለ።
ጫማውን ብቻ ነው የማየው፤ ወደኋላ ፈቀቅ አለ።
«ማን ነገረህ?»

እኔ ያልሁት ሽቦውን ነበር።

ለካስ የአባቱን መሬት፣ ኤረር ዳር፣ ብርቱካኑን ከነሥሩ
ሽጦ ነው ፒክአፕ የገዛው፤ አልሰማችም እናቱ፣ አልሰማም አገሩ።

ምን እላለሁ? ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁ፣
ቡለኑን እስኪያቃስት አጠበቅሁ።
አሥራ አራት ነጥብ ሁለት።
መብራቱ የኒሙን ግንድ ይዞ፣ ሳይርገበገብ፣ ቆመ።

እጁ ግን መሪው ላይ፦
አሥራ ሦስት፣
አሥራ አምስት፣
አሥራ ሁለት።