ያልተጋቡት

ሽፋኑ ወልቆ፣ ርዕሱ ጠፍቶ፣
የመጨረሻ ቅጠሉ ወይ በስብሶ ወይ ባይጥ ተበልቶ፣
ከሽምብጥ ጥግ፣ ካንድ አከራይ ደጅ ያገኘነው፣
በመታወቂያ መያዣ፣ ለሳምንት በሁለት ብር፣
እኔና ምንይችል ተካፍለን ያነበብነው።
እሱ ቀን ያነባል፣ ማታ እወስዳለሁ፤
እሱ ጥግ ያጥፋል፣ እኔ አቃናለሁ።

እንዳላማው ቀዛፊ ነው፣ ደብሪቱ እንጨት ሻጭ፤
ከዘጌ እስከ ባሕር ዳር፣ በደንገል ታንኳ፣
መሐላቸው ማገዶ እስካንገት ተከምሮ፣
አንዱ ያንዱን ፊት ሳያይ፣ በድምፅ ብቻ፣
ሃያ ሦስት ዓመት ይመላለሳሉ።
በቃ። ይኸው ነው ታሪኩ።

ግን ገጽ አርባ አንድ ላይ
ባሏን ቀብራ፣ ሰልስቱ ሳይወጣ ትመጣለች፤
«እግዜር ያጽናሽ» እንኳ አይላት፣
ደረቁን ወገን ይለቅላታል፣
እርጥቡ ላይ ይቀመጣል።
ያን ገጽ ስንቴ እንዳነበብኩት!

ደግሞ ወባ የጣለው ዕለት፣
መቅዘፊያውን ነጥቃው ታንኳው እንደ ወፍጮ ሲዞርባት፣
ጥርሱ በትኩሳት እየተንቀጫቀጨ፣
«ደብሬ፣ ጉማሬው እንኳ ሳቀብሽ» ሲላት፤
ደግሞ የልጇ ሠርግ ላይ፣ ከዘመድ ተርታ ገብቶ፣
«አንተ ምኗ ነህ?» ሲሉት፣ ጉርሻውን ውጦ፣
«እንጨቷን አመላልሳለሁ» ሲል፤
እኔ እዚህ ላይ ሳቅሁ፣ እዚሁ ላይ አለቀስኩ።

ምንይችል ግን ተናደደ።
«ደራሲው ፈሪ ነው» አለ፣ ቀረሶውን እየጋጠ፣
ከወደቡ በታች፣ እግራችንን ውሃ ነክረን።
«ሃያ ሦስት ዓመት ባንድ ታንኳ? ጣናም እኮ ዳር አለው።»
«ዳርማ ደረሱ» አልኩት፤ «በየቀኑ።»
አልሰማኝም።
በጠፋችው ቅጠል ምትክ የደብተር ወረቀት ሰፍቶ
በእርሳስ ዳራቸው፤
ድንኳን ተከለ፣ ጠጅ ጣለ፣ ሚዜ እንኳ አልረሳም።
እኔ ማታ በላጲስ አፋታኋቸው።
ጠዋት ዳራቸው። ማታ አፋታኋቸው።
ወረቀቱ እስኪሳሳ፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ።

እኛንም ሰው ይጠይቀን ነበር፤
የቤት አከራዬ፣ የባጃጁ ልጅ፣ የቢሮዬ ሰዎች፦
«ምንሽ ነው?»
«ወንድሜ» ብል ውሸት፣
«ጓደኛዬ» ብል፣ በጎን ፈገግታ።
ይህ ቋንቋ ለስንቱ ዘመድ ስም ሲያወጣ፣
ለአማች፣ ለምራት፣ ለዋርሳ፣ ለጡት ልጅ፣
ለዚህ ለኛ ነገር ቃል አጠረውና
«መጽሐፍ እንካፈላለን» አልኩ አንድ ቀን።
ሰዎቹ ሳቁ።
ምንይችል ዝም ብሎ አየኝ።

ኋላ ጎርጎራ ተመደበ፣ መምህር ሆኖ፤
ሠርጉም እዚያው ሆነ፣ ሄጄ ወጥ አማሰልኩ።
ሚስቱ እማዋይሽ፣ እግዜር ይስጣት፣
አንድም ቀን «ምንህ ናት» አላለችው።
የመጽሐፍ አከራዩ ቤት ለመንገድ ፈረሰ፤
መጽሐፉ እሱ ዘንድ ቀረ፣ መታወቂያዬ የትም።

ባለፈው መስከረም፣ እምቦጭ ሁለት ቀን አዘግይቶት፣
የጎርጎራው ጀልባ አንድ ፌስታል አመጣልኝ።
ያችን የሳሳች ወረቀት ገለጥኩ።
ድንኳኑ የለም። ጠጁ የለም። ሚዜዎቹም ሄደዋል።
በእስክሪብቶ፣ ላጲስ በማይደርስበት፣ እንዲህ ይላል፦

«መሸ። እንጨቱ ተሸጦ አለቀ።
ታንኳው ውሃ ጠጥቶ ከብዷል።
“ያንን ጫፍ ያዢልኝ” አላት።
አንስተው፣ እንዲደርቅ፣ ዛፉ ላይ አስደገፉት።»

ጥጉን እንደ ልማዱ አጥፎታል።
ተውኩት።