የጥፊ ትርጉም

ፈረንጅ አራዳ ላይ፣ ከፎቶ ቤቱ ጎን፣
ሠላሳ ዓመት ሆነኝ ቴፕ ስፈታ፣ ስጠግን።
ስሙ ነው ሰፈሩ፤ ፈረንጅ የለበትም፣
አራዳው ግን ሞልቷል፣ አፉም አያርፍለትም፤
ትናንት «ይመቻል» ያለውን ዛሬ ጥሎ
ሌላ ቃል ያመጣል ከስልክ ላይ ነቅሎ።

ክረምት ነው። አዌቱ ደፍርሶ ሞልቷል።
ሙዘሚል ከዝናቡ ጋር ተጋፍቶ ገብቷል፣
ስፒከሩን በላስቲክ እንደ ጨቅላ አዝሎ፤
«ቤዙ ሞተ፣ ጋሽ ተማም» አለኝ ለምቦጩን ጥሎ።
«ቤዝ ከሌለው ደግሞ ምኑን ዘፈን ሆነው?
ይሄ ዘፈን እኮ ስላፕ የሚያደርግ ነው።»

«ምን የሚያደርግ?»
«ስላፕ።»
«ማንን?»
«የሰማውን!»

መሳቢያዬን ሳብኩት፤ ከብሎን ከሽቦው ሥር
መዝገበ ቃላቴ አለ፣ ያለ ልባስ፣ ያለ ክር፣
ከማታ ትምህርት ቤት ተርፎኝ የቀረው።
ጣቴን ምራቅ ነክሬ ገለጥኩት፤ ይኸው፦
በመዳፍ ጉንጭን መምታት።
ጥፊ!
ዘፈን ሰው በጥፊ? ሰውየው ምን በደለ?
ሙዘሚል በሳቅ ፈርሶ «መጽሐፉ አርጅቷል» አለ፤
«ስላፕ ካደረገ አሪፍ ነው ማለት ነው።
ሲክ ከሆነም ያው ነው።»
«ሲክማ በሽተኛ!» አልኩት፣ «አላህ ያሽረው።»

ጃም ሲለኝ ማርማላታ ዳቦ ላይ ቀባሁ፣
አክስ ሲለኝ መጥረቢያ ይዤ ዱር ገባሁ፤
ለካ ጊታር ኖሯል።
«ድሮፑ ሲመጣ» ሲል «አዳራሹ ያብዳል»፣
ጠብታ ነው ብዬ ቀና አልኩ ወደ ጣራው፤
እውነትም ያፈሳል፣ ጥጉ ላይ፣ ቆርቆሮው፤
ባልዲ ደቀንኩለት።
እሱ አልነበረም ግን ልጁ የሚያወራው።

ብየዳው እየጨሰ፣ ዓይኔ ሽቦው ላይ ሆኖ፣
የኛው ቃል መጣብኝ፣ ድሮ ከሄደበት ባክኖ።
እኛስ በጊዜያችን ምን ነበር ያልነው?
ክራርን ያህል ነገር «መታው» የምንለው
ምን አድርጎን ኖሯል? ከበሮስ ሲደበደብ
ሽማግሌ ተልኮ ያውቃል እርቅ ሊያቀርብ?
ምቱም ምት ነው ስሙ።

ባጫ ክራር ይዞ ሰርጋችን ላይ ሲያዜም
ሙሽራዬ ዘይባ፣ ከጎኔ፣ አቀርቅራ፣
«አንጀቴን በላው» አለች፤
እኔ ሞኙ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩ፣ እራት አልበላሁም።
ይህን ለእንግሊዝ ሰው ቃል በቃል ብፈታው
አምቡላንስ ይጠራል፤ ዘፈን ነው ብል አልረታው።

ሲመሽ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ መጣች እህቱ፣
ትልቅ ጃንጥላ ይዛ፣ ያቺ ትንሿ ኢፍቱ።
ሦስት ዓመቷ ላይ ትኩሳት ጆሮዋን ወስዷል፤
ባጃጁ ሁሉ ሳይቀር ይህን ያውቃል፣
ጡሩምባ ትቶ መብራት ያበራላታል።

ሶኬቱን ሰካሁት።
ኮኑ ተርገፈገፈ፤ ብሎኖቼ ጠረጴዛው ላይ ዘለሉ፣
የባልዲው ውሃ በቀለበት በቀለበት ተሞላ ሁሉ።
ጠጋ አለች። ጉንጯን ሣጥኑ ላይ ለጠፈች።
ቤዙ መጣ፤
ደንግጣ አፈገፈገች፣ ጉንጯን በመዳፏ ያዘች፣
እንደ ተመታ ሰው አየችኝ፣
ከዚያ ከት ብላ ሳቀች፣
ሌላውን ጉንጯን ሰጠችው።

ሙዘሚል ዝም አለ። እኔም ዝም።
መዝገቡን ሳብኩና፣ በጠቆረ ጣት፣
ከ«መምታት» ጎን በእርሳስ አንድ መስመር ጨመርኩበት፤
ጽሕፈቴ አያምርም፣ ቅባትም ነክቶታል፣
ምን እንዳልኩ አላሳየሁትም፤ ያውቀዋል።

«ሂሳብ ስንት ነው?» አለኝ።
«ሁለት መቶ፣ ለቤዙ።»
«ለትርጉሙስ?»
ባልዲው ሞልቶ ነበር፤ ልደፋው ወጣሁ።