በቀር

ፓራጓይ፣ ቻኮ ውስጥ፣ ዝናብ በረሳው አገር፣
የኦቾሎኒ ማሳ ሰማይን በሚያጥር፣
ቆርኔልዮስ ፔነር የሚሉት ሰው ነበረ፣
ዶሮ እንኳ ሳያርድ ስልሳ ዓመት የኖረ።

የዕርዱ ቀን ሲመጣ፣ መንደር ቢላ ሲስል፣
የአሳማው ጩኸት ገና ከበረት ሳይዘልል፣
ባርኔጣውን ደፍቶ ይሄዳል ወደ አጥሩ፣
እስከ መጨረሻው ችካል፣ እሾህ እስካለበት ዳሩ።
ቆሞ ይቆጥራል እዚያ። ምን እንደሚቆጥር
ማንም አልጠየቀው፣ ከአጋኔታ በቀር።

የእህቱ የልጅ ልጅ፣ አስራ አንድ የሞላት፣
ጥያቄ እንደ ጠጠር ኪሷን የከበዳት።

«አያቴ፣ ‹አትግደል› ይል የለም ወይ ቃሉ?
‹ከዚህ በቀር› የሚል ይኖረው ይሆን ውሉ?
ዳኛስ ገመድ ሲያዝ? ወታደርስ ሲሰለፍ?
በዚያው መጽሐፍ ውስጥስ ደም እንደ ጎርፍ ሲያልፍ?»

ችካሉን ተደግፎ፣ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ዩክሬን ሜዳ ላይ፣ የወንዙ ስም ‹ወተት›፣
ነዶው ሳይወቃ፣ እህል ሳይገባ ቤት፣
ፈረሰኞች መጡ፤ ማታ ማታ፣ በየቤቱ።
ሰዓት ሠሪው ቴውስ፣ ሲነጋ፣ ከነሚስቱ...
ተይው።

ሽማግሌዎቻችን ጸሎት ቤት ተሰበሰቡ፤
አራት መቶ ዓመት ሰይፍ ያልነካ እጅ እያሻሹ አሰቡ።
‹ለጊዜው› አሉ፤ ሌላ ቃል አልተጨመረ።
በድርቆሽ ጋሪ ተሸፍኖ ጠመንጃው መንደር አደረ።

እኔ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ። ቲና፣ ያንቺ አያት፣
ከዱቄት በርሜል ኋላ፣ ትንፋሽ ተቆርጦባት።
መስኮቱ ተከፈተ። ሰው ገባ። ቢላ ይዟል።
ጨለማ ነበር ብዬ ራሴን አላታልል።

ተኮስኩ።

ሲነጋ አየሁት፤ ጢሙ ገና አላበቀለም፤
ጫማው የሁለት ሰው ነው፣ ግራና ቀኙ አይገጥምም።
አንድ ሰው የሰፋለት ቁልፍ ነበር ደረቱ ላይ፣
ሸሚዙ ነጭ፣ ቁልፉ ነጭ፣ ክሩ ግን ቀይ።

በኋላ ሽማግሌዎቹ ‹ለጊዜው›ን ሰረዙት፤
ኃጢአት ነበር ብለው መዝገብ ላይ አሰፈሩት።
ልጁን ግን የት ይሰርዙት?»

«አያቴ የለችም፣ እኔም የለሁ፣ ባትተኩስ ኖሮ»
አለች፣ እንደ ሒሳብ፣ ተቀንሶ ተደምሮ።

«አውቃለሁ። ጠዋት ጠዋት ስላንቺ አመሰግናለሁ፤
ማታ ማታ ስለ እሱ ይቅርታ እለምናለሁ።
ሁለቱ ጸሎቶች፣ ስልሳ ዓመት፣ ባንድ አፍ ሲያድሩ፣
ሰላም እንኳ ሳይባባሉ ቀሩ።»

«ታዲያ ምንድን ነው የምትቆጥረው?»

«ዕድሜውን። ዘንድሮ ሰባ ሰባት በሆነው፤
ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ እንዳንቺ ጠያቂ በነበረው።»

እኔ ይህን የምጽፍ፣ በአማርኛ ፊደል፣
አምስት ሆሄ ነው ትእዛዙ፦ አ፣ ት፣ ግ፣ ደ፣ ል።
ከጎኑ ልጽፍለት ብል ትንሿን ቃል፣ ‹በቀር›፣
ሆሄዎቹ ተሻሙ፤ ወረቀቱ አለኝ ‹ቀብር›።
ደለዝኩ፣ ደገምኩ፤ እጄ ሳተ አንድ ፊደል፣
‹በቀር› ባልኩት ቦታ ተጻፈ ‹በቀል›።

ይህ የፊደል ጨዋታ ነው። ቲና ግን ጨዋታ አይደለችም፤
ከበርሜሉ ኋላ ሆና ትንፋሿን አልለቀቀችም።

ዛሬ አጋኔታ ሸበተች፤ የሰንበት ትምህርት ታስተምራለች፤
በሙቀት ቀን እንኳ እስከ አንገቷ ትቆልፋለች።
ከኋላ ወንበር አንዱ፣ ያኮብ፣ እጁን አወጣ፦
«እትዬ፣ ሌባ በመስኮት፣ ቢላ ይዞ ቢመጣ?»

ማራገቢያው ዞረ። ዝንብ መስታወቱን አንኳኳች።
አጋኔታ የሸሚዟን ቁልፍ ይዛ ዝም አለች።
«እስቲ ድገመው» አለችው። ጥያቄውን ደገመ።
«እሱን አይደለም። ቃሉን።»
አነበበ። ነጥቡ ላይ ሲደርስ፣ ቆመ።