የሥራ በዓል

"የሥራ በዓል" ይላል ወረቀቱ ላይ።
አባባ ገለበጠው፣ ጀርባው ሌላ ይል እንደሁ ብሎ ሊያይ።
በመስኮቱ ብርሃን ደግሞ አነበበና፣
መርፌውን ከጥርሱ መሀል አወጣና፣
"አንቺ አዝመራ" አላት፣ "ይኼ ነገር ምንድን ነው?
ሥራም ከሆነ ሥራ ነው፣
በዓልም ከሆነ በዓል ነው፤
ሁለቱን ክር ባንድ ቀዳዳ ማን ነው ያሾለከው?"

እህቴ ሳቀች።
ከተመረቀች
ገና ሦስት ወሯ፤ ጋዋኑ ምስማር ላይ ተሰቅሏል፣
አባባ በዚችው ሲንጀር ቀምቅሞላት ነበር፣ ዛሬም ክሩ ይታያል።
"የሌላ አገር ልጆች" አለችው፣ "ኮሌጅ ሲጨርሱ፣
ዓለምን ሊያዩ ይወጣሉ፣ በደረሱበት ሠርተው ሊጎርሱ።
አንድ ዓመት ነው። ፍሬ መልቀም፣ በትርፍ ሰዓት ባሕር ማየት፣
ከዚያ…"
ከዚያ ያለውን እሷም አላወቀችው በውነት።

አባባ ግን በዓል ያውቃል።
በአርባ አራቱ ታቦት አገር የሥራ ቀን ተፈልጎ ነው የሚገኝ፣ ይላል።
በአሥራ ሁለት በሚካኤል፣ በሃያ አንድ በማርያም፣
ሲንጀሩን በነጭ አቡጀዴ ሸፍኖ መቀስ እንኳ አይነካም።
ደንበኛ ቢለማመጥ፣ ሙሽራ ደጁ ቢቆም፣
"ጨርቅ ነገም ጨርቅ ነው" እንጂ ሌላ መልስ የለውም።

አጎቴ ጎሹም ነበር ያን ቀን፣ ከመተማ የተመለሰ፣
ከሰሊጥ አረም ቅጥር፣ ፊቱ በወባ ገርጥቶ፣ ጫማው ከተረከዝ የፈረሰ።
"እኔስ" አለ፣ "አሥር ክረምት ሙሉ ቆላ ወርጄ ስመለስ፣
በዓል ላይ ነበርክ ያለኝ ሰው የለም እስካሁን ድረስ!"
ሳቅን። እማዬ አልሳቀችም፤
በሶ እየቋጠረች ነበር፣ ቀና አላለችም።

በጥቅምት መጨረሻ ከአዘዞ ተነሣች።
"ግንቡ ከላይ ሲያዩት የክብሪት ቀፎ ነው" ብላ ከአዲስ አበባ መልእክት ላከች።

እኔ ቁልፍ ተካይ ነኝ፤ መስኮቱ ሥር ያለውን ወንበሯን ወረስኩ።
ማታ ማታ በስልክ የላከችውን ፎቶ ለአባባ ገለጥኩ፦
መሰላል፣ ቀይ ፍሬ፣ ባልዲ በደረቷ ታስሮ፣
አብሯት የሚለቅም ረጅም ልጅ፣ ጸጉሩ እንደ ገብስ ነዶ ተቋጥሮ።
"እሱ" አለች፣ "ሲሰለቸው ጥሎ ቢሄድ አባቱ ቲኬት ይልክለታል፤
እኔ በእንቅልፌም ባልዲ ስቆጥር ይነጋል።
እሱ በሥራው ያርፋል፣ እኔ በእረፍቴ እሠራለሁ፤
ግን ባሕሩን አየሁ፣ ቅዳሜ፤ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።
አላማርርም፣ አባባ፣ ደስ ብሎኛል፣ እውነቴን ነው።
ያስቸገረኝ ቀኑ ነው።"

ኅዳር ሃያ አንድ ነበር፤ ጽዮን ማርያም።
"መሰላሉ ላይ ትዝ አለኝ" አለች፣ "እጄ ፍሬው ላይ ቀረ፤
ኃላፊው ከታች ሰዓቱን አየ፤ ለቀምኩ፣ ባልዲው ተቆጠረ።"
ድምጿ ተቆረጠ። ኔትወርኩ ይሁን እሷ፣ አላወቅንም።
አባባ ስልኩን መለሰልኝና ተኛ። ራት አልበላም።

በማግስቱ፣ በሃያ ሁለት፣ ገና በማለዳ፣
ባጃጁ ሁሉ ሲንጫጫ በአራዳ፣
ደረስኩ። አባባ ቁጭ ብሏል ከደጁ፤
ሲንጀሩ እንደ ተሸፈነ ነው፣ መቀስ የለም በእጁ።
"አባባ፣ ሰው እኮ ሱሪውን ይፈልጋል።"
"ትናንት ሳታከብረው አለፋት፤ እኔ አከብርላታለሁ።
የሁለት ሰው ሥራ ሠርቼ አውቃለሁ፤
የሁለት ሰው በዓል አላውቅም፤ እስቲ እሞክራለሁ።"

ከጠዳ ፈረደ መጣ፣ ሱሪው ዛሬ ሊደርስለት፤
የተሸፈነውን መኪና አየና ራሱን ነቀነቀበት፦
"ዛሬ ደግሞ ማን ነው? ኡራኤል ነው እንዴ?"
"አይደለም" አለ አባባ፣ "የአዝመራ በዓል ነው፣ ዘመዴ።"
ፈረደ ባላገር ነው፤ ያልታጨደው ጤፉ ታየው፤
"አዝመራው መች ገባና!" አለው።

"አውቃለሁ" አለ አባባ፣
"ገና አልገባችም።"